ወንዙ ዳኸ ወይስ ዘለለ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው።

«ሰላም። አባታችን ወደ አኼራ ከሄዱ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ለእኔና ለእህቶቼ ቀርሳ ወረዳ ውስጥ ወንዝ ዳር የቡናና የበቆሎ መሬት ትተውልናል። የይዞታ ደብተሩ ላይ በምዕራብ በኩል አዋሳኙ “ወንዝ” ነው የሚለው። ካቻምና ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል መንገዱን ቀይሮ አገኘነው። በቆሎ እንዘራበት የነበረ ቁራጭ፣ ወርዱ 12 ሜትር፣ ርዝመቱ 80 ሜትር ገደማ፣ ማዶ ቀረ። የማዶው ጎረቤታችን ለአባታችን እንደ ወንድም ነበሩ። አሁን “ድንበራችሁ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ያውላችሁ” ብለው ባሕር ዛፍ ተክለውበታል። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። “ኢንጂነር አምጡ” ተባልን። ኢንጂነር ምን ያደርግልናል? ገንዘባችንን አውጥተንስ ውሃ የሚያነሳ ነገር እናገኛለን?»

አላህ ይዘንላቸው። ጥያቄያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እዚሁ ጅማ በውሃ ምህንድስናና በቅየሳ ሥራ ላይ ነኝ። እንዲህ ባለ ክርክር ሜዳ ወርጄ ለክቻለሁ፣ ፍርድ ቤትም ቆሜ ተጠይቄያለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ በጭቃ ቦት ጫማ ከተማርኩት ነው።

መጀመሪያ ቁርጡን ልንገራችሁ። ኢንጂነር መሬቱ የማን እንደሆነ አይነግራችሁም። ያንን የሚለው ሽማግሌ ወይም ዳኛ ነው። «መሬቱ የእናንተ ነው ብዬ እጽፍላችኋለሁ» የሚላችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ኢንጂነር ሊያውቅ የሚችለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወንዙ ድሮ የት ነበር? ሁለተኛ፣ ከዚያ ተነሥቶ አሁን ያለበት እንዴት ደረሰ? ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለመጀመሪያው ነው። ክርክሩን የሚፈታው ግን ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ወንዝ በሁለት መንገድ ይሄዳል። ይድኻል ወይም ይዘላል።

ሲድኽ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ውሃው ወደ ውጭኛው ዳር ይገፋል፤ ሥሩን ይቆፍራል። የቆፈረውን አፈር ወስዶ ዝቅ ብሎ ባለው ጠመዝማዛ የውስጠኛው ዳር ላይ ያራግፈዋል። አንዱ ዳር ይበላል፣ ሌላው ይወፍራል። በአንድ ዓመት ልብ አትሉትም። በ20 ዓመት ግን የልጅነታችሁ ዋርካ ውሃ ውስጥ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ሲዘል ግን ሌላ ነው። በአንድ ሙላት ጠመዝማዛውን ትቶ አቋርጦ ይሄዳል። በመካከል የቀረው መሬት አፈሩም፣ ጉቶውም፣ የእርሻው ፈርም እንዳለ ነው። የተቀየረው ውሃው ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት የኢንጂነር ፈሊጥ ብቻ አይደለም። ከሮማውያን ሕግ ጀምሮ ሰዎች ሲዳኙበት የኖሩት ነው። ቀስ እያለ በደለል የተጨመረ መሬት የደረሰበት ሰው ይሆናል፤ ወንዙ በኃይል ገምሶ የወሰደው መሬት ግን ከባለቤቱ አይወጣም ይሉ ነበር። አሜሪካ ውስጥ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1877 የሚዙሪ ወንዝ ሞልቶ ጠመዝማዛውን ቆርጦ ዘለለ። ወንዙ ደግሞ የአዮዋና የነብራስካ ግዛቶች ድንበር ነበር። ሁለቱ ግዛቶች ተካሰሱ። በ1892 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወንዙ ስለዘለለ ድንበሩ አብሮት አይዘልም፣ በድሮው አልጋ ላይ ይቀራል ብሎ ወሰነ። ዛሬም ካርተር ሌክ የምትባለው ትንሽ ከተማ ከወንዙ ማዶ፣ በነብራስካ በኩል ተቀምጣ የአዮዋ ናት። ከተማዋ ከነስሟ ወንዙ ትቶት የሄደው የድሮ አልጋ ላይ ያለውን ሐይቅ ታስታውሳለች።

ይህን የማወራችሁ የአሜሪካን ፍርድ ቀርሳ ላይ ለመለጠፍ አይደለም። እዚህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይላል። እናንተም ጎረቤታችሁም ባለይዞታ ናችሁ። ወንዙም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 መሠረት የጋራ ሀብት ነው። የሕጉን ክርክር ለጠበቃ ተዉት። ነገር ግን ሽማግሌም ይሁን ዳኛ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ቀስ እያለ ነው የወሰደው ወይስ ባንድ ሌሊት?» ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ሰው ይሰማል።

አሁን ወደ እናንተ መሬት እንምጣ። ካቻምና «መንገዱን ቀይሮ አገኘነው» ብላችኋል። አነጋገራችሁ ዝላይን ይመስላል። መምሰሉ ግን አይበቃም። ጎረቤታችሁ ደግሞ «ለዓመታት ሲበላችሁ ነበር፣ ካቻምና ጨረሰው» ሊሉ ይችላሉ። ሁለታችሁም ከልባችሁ ልታምኑበት ትችላላችሁ። ሙላት የሚያስደነግጥ ነገር ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ያስደነገጠውን ነው።

ስለዚህ አፈሩን እንጠይቀው።

መጀመሪያ በእግር ሂዱ። ባሕር ዛፉ ካለበት ቁራጭ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎረቤታችሁ የድሮ እርሻ ተራመዱ። በመካከል እንደ ቦይ ዝቅ ያለ፣ የታጠፈ ስፍራ አለ? ቄጠማ በቅሎበታል? በበጋ ሳይቀር ይረጥባል? ከረገጣችሁት ሥሩ ጠጠር ነው? ካለ የድሮው ወንዝ አልጋ እሱ ነው። ወንዝ ሲዘል አልጋውን ጥሎ ይሄዳል። ሲድኽ ግን አልጋውን ይዞት ነው የሚሄደው፤ ጥሎት የሚያልፈው ባዶ አልጋ የለም። ቁራጯና የጎረቤታችሁ መሬት ያለ ምንም ዝቅታ እየተያያዙ የሚሄዱ ከሆነ ይህ ለእናንተ ጥሩ ምልክት አይደለም። ይህን የምላችሁ ከወዲሁ እንድታውቁት ነው።

ቀጥሎ ጉድጓድ። ከቁራጯ መሐል አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ይቆፈራል። አንዱ ግድግዳ በአካፋ ሳይሆን በቢላዋ ቀጥ ተደርጎ ይላጋል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የተላገ ግድግዳ እንደ መጽሐፍ ይነበባል።

ወንዝ ያመጣው ደለል ድርብርብ ነው። ስስ አሸዋ፣ ከሥሩ ስስ ጭቃ፣ እንደገና አሸዋ። እያንዳንዱ ድርብ አንድ ሙላት ነው። ወደ ታች በሄዳችሁ ቁጥር አሸዋው እየሻከረ፣ በመጨረሻ ጠጠር ላይ ያርፋል። ከላይ እስከ ታች እንዲህ ከሆነ መሬቱ አዲስ ነው። ወንዙ የእናንተን በልቶ ማዶ ያስቀመጠው ነው ማለት ነው።

የታረሰ መሬት እንዲህ አይደለም። ማረሻ ሲገለብጠው ኖሯልና ድርብ የለውም፤ አንድ ወጥ ነው። ቀለሙ ጠቆር ይላል። የከሰል ፍርፋሪ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የደቀቀ ሥር አለበት። የበሬ ማረሻ ብዙ ጠልቆ አይገባም፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ በታች አፈሩ ጠንከር ያለና የተረገጠ ሆኖ ይለያል። ይህን ንብርብር ከሙላቱ አሸዋ ሥር ካገኛችሁት መሬቱ ካቻምናም እዚያው ነበር። ውሃው ላዩ ላይ አሸዋ ጥሎበት ዞሮ ሄደ እንጂ አልበላውም።

አንድ ጊዜ ሰርቦ አካባቢ ለተመሳሳይ ክርክር ወርጄ ነበር። አንደኛው ወገን «ይህ ሁሉ ወንዙ ያመጣው አሸዋ ነው» ይላል። እውነትም ላዩ ነጭ አሸዋ ነው። ከላይ ያየ ሰው ይፈርድለታል። ቆፈርን። 40 ሳንቲ ሜትር ላይ አሸዋው አለቀና ጥቁሩ አፈር መጣ። ግድግዳውን በቢላዋ ስልገው የበቆሎ ጉቶ ብቅ አለ። ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። አጠገቡ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በመስመር። አንድ እርምጃ ወርዱን አስፍተን ስንቆፍር ሁለተኛው መስመር መጣ። አሸዋው አገዳውን አጉብጦ ቀበረው እንጂ አልነቀለውም። ሁለቱም ተከራካሪዎች ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ወርደው በእጃቸው ነኩት። ያን ቀን እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

የእናንተም ቁራጭ በቆሎ ነበረበት ብላችኋል። ጉቶው በሁለት ዓመት ሊበሰብስ ይችላል። የታረሰው ንብርብር ግን አይጠፋም። ስለዚህ ሦስት ጉድጓድ ይበቃችኋል፤ አንዱ ከመሐል፣ ሁለቱ ከዳርና ከዳር። አንድ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ «የተመረጠ ቦታ ነው» ይባላል።

አንድ ቸል የማይባል ነገር አለ። ባሕር ዛፉ ሥር እየሰደደ ነው። ሥሩ ሲገባ ያንን የአፈር ድርብ ያተራምሰዋል። ነገሩ በቆየ ቁጥር ማስረጃው ይደበዝዛል።

ከመሬቱ ሌላ ሰማዩ አለ። ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ማየት ትችላላችሁ። በነፃ ነው። ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፤ ስልክ ላይ ያስቸግራል። ከሙላቱ በፊት የነበረውን ጥርት ያለ ምስል ፈልጉና አስቀምጡ፤ የተነሣበትን ቀን አብራችሁ ያዙ። ወንዙ በአምስት ምስል ላይ ከቦታው ካልተነቃነቀና በስድስተኛው ላይ ሌላ ቦታ ከተገኘ ይህ ዝላይ ነው። በየምስሉ ጥቂት ጥቂት የሚገፋ ከሆነ ይድኻል። ዓይናችሁ ራሱ ይፈርዳል። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ግን የምስላቸው አንዷ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ምስሎች ከዚያም ይሸክራሉ። የእናንተ 12 ሜትር በአንድ ነጥብ ውስጥ ትዋጣለች። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ 10 ሜትር ያሳያል፤ እሱም ለእናንተ ሸካራ ነው። የወረቀት ካርታማ ተዉት። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። ወንዙን የሣለችው ሰማያዊ መስመር ውፍረት ብቻ ከክርክራችሁ ትበልጣለች። ካርታ ዘርግቶ «ይኸው ድንበሩ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት።

ጥሩ የአየር ፎቶ ግን ዋጋ አለው። በንጉሡና በደርግ ዘመን የተነሡ የአየር ፎቶዎች በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ተቀምጠው ነበር፤ ዛሬ ያንን ሥራ የያዘው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው። ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራም፣ ማሳው በካርታ ለሚሰጥበት፣ የአየር ፎቶ ጥቅም ላይ ውሏል። ቀበሌያችሁ ሁለተኛ ደረጃ ተሰጥቶት ከሆነ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ የማሳችሁን ካርታ ጠይቁ። እዚያ ላይ «ወንዝ» የሚለው ቃል መስመር ሆኖ፣ ቁጥር ይዞ ይገኛል። ከደብተሩ ይልቅ ይህ ይበጃችኋል።

ፎቶ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሳተላይት ምስል ራሱ ቦታውን ጥቂት ሜትር ሊስት ይችላል። የዘንድሮው ምስልና የዛሬ አምስት ዓመቱ ምስል እርስ በርስ ሊዛነፉ ይችላሉ። ስለዚህ ወንዙን ከመለካታችሁ በፊት ያልተነቃነቀ ነገር ፈልጉ። ድልድይ፣ የመስጊድ ሚናራ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ያ ትልቅ ዋርካ። በሁለቱም ምስል ላይ ከዚያ ነገር እስከ ወንዙ ዳር ለኩ። ልዩነቱ የወንዙ መሄድ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር። ቁጥር።

የድሮ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ስልካችሁና በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ይሠራሉ። ሁለቱም ላይ ቁጥሩ ተመሳሳይ ይመስላል፤ ሁለቱም ዩቲኤም (የካርታ መለኪያ መረብ) ዞን 37 ይላሉ። መሬት ላይ ግን በመካከላቸው ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ይህን ያልለየ ሰው የአንዱን ካርታ ቁጥር በሌላው ጂፒኤስ ይዞ ከሄደ ችካሉን የሰው ቡና ውስጥ ነው የሚተክለው። አይቻለሁ። አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ለአንድ ዓመት ከጎረቤቱ ጋር እድር ላይ እንኳን ሰላም አይባባልም ነበር። መሬቱ አልተነካም፤ የተምታታው ቁጥሩ ነበር። ስለዚህ የሚለካላችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ይህ ቁጥር በአዲንዳን ነው ወይስ በሌላው?» ሳያመነታ ካልመለሰ ሌላ ፈልጉ።

በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስ በጥሩ ቀን ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ዛፍ ሥር ሲሆን ከዚያም በላይ። ለ12 ሜትር ክርክር አይሆንም። ቶታል ስቴሽን የሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ወይም አርቲኬ የሚባለው ጂፒኤስ ይምጣ። እነዚህ በሳንቲ ሜትር ነው የሚናገሩት። ሙላት የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሦስት ቋሚ ነጥብ በሲሚንቶ ይተከል። ከውሃው አትነሡ፤ ውሃ ነገ ሌላ ቦታ ነው።

ደግሞ «ወንዝ» ሲባል የትኛው መስመር ነው? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የውሃው መሐል ነው? የውሃው ጠርዝ ነው? የዳሩ አፋፍ ነው? በጥርና በነሐሴ የውሃው ጠርዝ በብዙ ሜትር ይራራቃል። አንዱ ወገን በጥር፣ ሌላው በነሐሴ ከለካ ሁለቱም እውነት ይዘው ይጣላሉ። እኔ በሥራዬ መጀመሪያ ላይ ውሃው ሞልቶ ሳለ ጠርዙን ለክቼ ሪፖርት ጽፌ ነበር። በበጋ ተመልሼ ሳየው የለካሁት ዳር ሳይሆን የተኛ ሜዳ ላይ የተንጣለለ ውሃ ነበር። ሪፖርቱን መልሼ ጻፍኩ፤ ከፋዩን ወገንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የምለካው አፋፉን ነው። አፋፉ ቁልቁለቱ ድንገት የሚጀምርበት፣ የሜዳው ሳር አልቆ ባዶ አፈር የሚታይበት ቦታ ነው። የዛፍ ግንድ ላይ የጭቃ መስመር ይታያል። ቅርንጫፍ ላይ ሳር፣ ገለባና ፌስታል ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ፌስታሉ ግን ያለፈውን ትልቅ ሙላት ነው የሚያሳየው። ወንዙ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚሞላበት ከፍታ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ የዳሩን ቅርጽ የሚሠራውም እሱ ነው። ሁለቱን ለዩ።

በግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ዳር ያሉ ሰዎችም አንዳንዴ ተመሳሳይ ነገር ይጠይቁኛል። የእነሱ ነገር ይለያል። ግድብ የሚያዘው ከፍታ የታወቀ ስለሆነ ነገሩ የደረጃ ልኬት ነው፤ ጉድጓድ መቆፈር አያሻም። እናንተ ያላችሁት ሕያው ወንዝ ላይ ነው።

እንግዲህ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር ይኸውላችሁ። ኢንጂነር ብቻችሁን አትቅጠሩ።

እናንተ ብትቀጥሩ ጎረቤታችሁም ይቀጥራሉ። ሁለት ሪፖርት ይቀርባል። ዳኛው ሁለቱንም ትቶ የራሱን ባለሙያ ይልካል፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅድለታል። ሦስት ጊዜ ይከፈላል። ይልቅ አንድ ሰው አብራችሁ ቅጠሩና ክፍያውን እኩል ተካፈሉ። ጎረቤታችሁ ለአባታችሁ እንደ ወንድም ነበሩ ብላችኋል። እንግዲያው በአባታችሁ ስም ሂዱ። ከእናንተ ታላቅ የሆነ፣ እሳቸው የሚያከብሩት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቡናው ይፈላ። «ማን ይረታል» አትበሉ። «ወንዙ ምን እንዳደረገ አብረን እንይ» በሉ። ይህ ንግግር ከክስ ይልቅ ለሰሚው ይቀላል። እሳቸው ጉድጓዱ ሲቆፈር ቆመው ካዩ፣ ከአፈሩ ጋር የሚከራከር ገበሬ አላየሁም። አፈርን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ካልሆነ ደግሞ መንገዱ የታወቀ ነው። ጉዳዩ በሽማግሌ ታይቶ ካልተፈታ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ሪፖርቱ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ ፍርድ ቤቱ የሚሠራበት ቋንቋ ነው። በአማርኛ ጽፎ አስተርጉሙ ማለት ቀጠሮ ያስረዝማል፣ ቃልም ይጠፋል። ረጅም መሆን የለበትም። አንድ ገጽ ላይ ንድፉ፣ የድሮው አልጋና የአዲሱ አልጋ በሁለት ቀለም። የጉድጓዶቹ ፎቶ፣ አጠገባቸው ሜትር ቆሞ። የተለካበት ቀን። ልኬቱ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል በግልጽ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ባለሙያ ይፈራታል። እኔ ግን ዳኛ ፊት በራስ መተማመን የሰጠችኝ እሷ ናት። «ግማሽ ሜትር ልስት እችላለሁ፤ ክርክሩ ግን 12 ሜትር ነው» ስትሉ ሰሚው ያምናችኋል።

በዚህ መሐል ወንዙ በእናንተ በኩል እየበላ እንደሆነ አትርሱ። የሰው ሁሉ ምክር «ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ደርድሩ» ነው። አሁን አታድርጉት። አንድ ዳር ስታጠነክሩ ውሃው ጠብቦ ይፈጥናል፤ ማዶውን ወይም ከታች ያለውን ሰው ይቆፍራል። ያኔ አዲስ ክስ በእናንተ ላይ ይመጣል። የወንዝ ዳር ሥራ ያለ ወረዳው ውሃና መሬት ጽሕፈት ቤት እውቅናም አይሠራም። ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፤ ዳር የሚናደው ብዙውን ጊዜ ሙላቱ ሲጎድል ነው። ሲሞላ ውሃው ራሱ ዳሩን ደግፎ ይይዘዋል። ድንገት ሲወርድ ዳሩ ውሃ እንደጠጣ፣ ከብዶ፣ ያለ ድጋፍ ይቀርና ይገመሳል። ገበሬዎቻችን ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ውሃው ጎደለ ብላችሁ አፋፉ ላይ ከብት አታስሩ፣ ልጅ አታስጠጉ።

ለጊዜው የሚጠቅማችሁ ሳር ነው። ቬቲቨር ትከሉ። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቁልቁል ብዙ ሜትር ይወርዳል፤ አፈሩን እንደ ስፌት ይይዘዋል። ይህ ሳር ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በጅማ፣ በመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው። ችግኙን ለማግኘት ሩቅ አትሄዱም። አፋፉን እስከ ጫፉ ማረስም አቁሙ። ጥቂት እርምጃ ሳርና ቁጥቋጦ ይቅርለት። ከበቆሎው የምታጡት ጥቂት ነው፤ ወንዙ ከሚወስድባችሁ ግን ያንሳል።

ስለ ባሕር ዛፉ፣ አትንቀሉት። በቁጣ የተነቀለ ችግኝ የወንጀል ክስ ይሆናል፤ የያዛችሁትም እውነት በዚያ ይበላሻል። ፎቶ አንሡት፣ ብዛቱን ቁጠሩ፣ ቁመቱን ለኩ። መቼ እንደተተከለ ራሱ ይመሰክራል።

ጊዜው ጥርና የካቲት ነው። ከታኅሣሥ በፊት ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለሆነ ጉድጓድ የሚቆፍርላችሁም፣ ቆሞ የሚያይ ሽማግሌም አታገኙም። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ የጅማ ዝናብ ይጀምራል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። ጥር ላይ ወንዙ ዝቅ ይላል፤ አልጋው ይታያል፤ አፈሩም ለመላግ ይመቻል። ጉድጓዶቹን ስትቆፍሩ ጎረቤታችሁና ከሁለት ያላነሱ ሽማግሌዎች ይኑሩ። ካያችሁ በኋላ ወዲያው አትድፈኗቸው። ዙሪያቸውን በእሾህ አጥሩ፣ ከብት እንዳይገባ። በላያቸው ላይ ቆርቆሮ አልብሱ። ዳኛውም መጥቶ በዓይኑ ያያቸው።